አባባ በመቀነት ጫፍ የሮጡባቸው ጠዋቶች

አባታችን ጉግሳ በአሰብ ወደብ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ነበሩ። የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ደሴ ተማሪ ሳሉ ሮጠው ብርድ ልብስ ተሸልመዋል። አሰብ ከተዛወሩ በኋላም ሩጫውን አልተዉም። እዚያ ግን ሩጫ የሚያምረው ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ ነው፤ መጋቢት ከገባ ፀሐይ ገና ከባሕሩ ብቅ ስትል ጀርባ ትለበልባለች። ስለዚህ አባባ ለየካቲት ይሳሱለት ነበር። ጎሕ ሲቀድ በሸራ ጫማቸው ይወጡና በባሕሩ ዳር እስከ ጨው ማምረቻው ሮጠው ይመለሳሉ። እሑድ እሑድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናታችን ዓለምዘውድ፣ ታላቅ እኅቴ ዓባይነሽና እኔም አብረናቸው በዚያው መንገድ እንንሸራሸራለን።

በ1962 ዓ.ም. የካቲት ላይ እኔ አሥር፣ ዓባይነሽ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። አንድ ማክሰኞ አባባ በሰዓታቸው አልመጡም። እናታችን ሁለት ጊዜ እስከ መንገዱ ወጥታ ተመለሰች። በመጨረሻ ሐመዱ የሚባል አፋር ዓሣ አጥማጅ እጃቸውን ይዞ አመጣቸው። ጉልበታቸው ተልጦ ደሙ ካልሲያቸው ድረስ ወርዷል።

"ሰላም አለይኩም" አለ ሐመዱ። "ጀልባዬ አሸዋ ላይ ነበር። ቀጥ ብሎ መጥቶ ገባበት።"

"ጨለማ ነበር" አሉ አባባ።

ሐመዱ እናታችንን አየት አደረገና "ፀሐይ ወጥቷል፣ እኅቴ" ብሎ ሄደ።

እናታችን ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበች። ስትጨርስ ጨርቁን እንደያዘች ጠየቀቻቸው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ዓመት ሊሆነው ነው። መጀመሪያ ከጎን ከጎን ጨለመ። አሁን ፊት ለፊቱም እየጠበበ ነው።"

"ለእኔ አይነገርም?"

"አፌን ሞልቼ ከተናገርኩት ዓይኔ የማይመለስ መሰለኝ" አሉ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእሑድ ሽርሽራችን እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል ሲያደርጉ፣ ከዓባይነሽ አብልጠው የሚወዱኝ እየመሰለኝ ስኮራ ከርሜ ነበር።

በዚያው ሳምንት ፈቃድ ወስደው አሥመራ ሄዱ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረው ጥቂት ጊዜ ይቆይ እንደሆነ ጠብታ ይሞከር አላቸው። ሲመለሱ የሸራ ጫማቸውን አልጋ ሥር ከተቱት። ግን በለመዱት ሰዓት መንቃታቸው አልቀረም፤ ሦስት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እስኪነጋ ጠበቁ። በአራተኛው ቀን እናታችን እኔንና ዓባይነሽን ቀሰቀሰችን።

"ተነሡ፤ ከአባታችሁ ጋር ወጣ እንበል።"

አባባ እንቁላል የሚረግጡ ያህል እየተጠነቀቁ ሄዱ። አሸዋው ጠንከር የሚልበት ቦታ ስንደርስ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ነበር ፍጥነት የምጨምረው" አሉ ቀስ ብለው።

ዓባይነሽ ወደ እናታችን ዞረች። "እማዬ፣ መቀነትሽን ስጪኝ። አንዱን ጫፍ አባባ ይይዛሉ፣ አንዱን እኔ።"

"ልትሮጪ? ሴት ልጅ፣ በአደባባይ? ሰው ምን ይላል?"

አባባ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። እናታችን ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ከወገብዋ ፈታ ሰጠቻት።

መጀመሪያ እግራቸው ተጠላለፈና ሊወድቁ ነበር። "ቀኝ ቀኙን አባባ፣ ገመድ አለ" ስትል ሰማናት። ከዚያ እርምጃቸው ገጠመ። እየራቁ ሲሄዱ እናታችን ልቅሶዋን እንዳላይባት ጀርባዋን ሰጠችኝ።

እስከ መጋቢት በየጠዋቱ ሮጡ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ከበደች አንድ ቀን መጥታ "ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፤ ነገ ማን ያገባታል?" አለቻት እናታችንን።

"የሚያገባት ይህንኑ አይቶ ያግባት" አለች እናታችን። ወይዘሮ ከበደች ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሣችም።

ሁለት ዓመት፣ አየሩ በበረደ ቁጥር፣ እንዲህ ሮጡ። በ1964 የቀረውም ብርሃን ጠፋ። ሥራቸውን ለቀው በጭነት መኪና ጋቢና ወደ ደሴ ተጓዝን። ደሴ ዳገት ናት፤ እዚያ መሮጥ አልሆነላቸውም። ማለዳ ማለዳ ከዓባይነሽ ጋር በእግር ብቻ ይወጡ ነበር። በ1966 ጥቅምት ብርድ መታቸው፤ ሳምንትም ሳይሞላቸው አረፉ።

በሦስተኛው ቀን ንጋቱ የሚባል የሥራ ባልደረባቸው ከአሰብ መጥቶ ደረሰ። ጥቂት ተቀምጦ ካለቀሰ በኋላ ወደ እናታችን ጠጋ አለ።

"አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ጋሼ ጉግሳ ማየት እየተሳናቸው ሳለ ዓመት ሙሉ በሳጥኖቹ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጆሯቸው የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። ለሰው አልተናገርኩም፤ ለአንቺ እንኳ። ቀደም ብዬ ብነግርሽ ኖሮ ምናልባት ዓይናቸው ይተርፍ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል።"

እናታችን ትቆጣው ይሆን ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን "እንዳትነግረኝ ለምኖህ ነው፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ" አለችው። ከዚያ ዓባይነሽን ገለል በይ ብላ ከጎንዋ ከቤተ ዘመዱ ጋር አስቀመጠችው።