የጋሽ ናሙና መልቀቂያ

እንግዳ ወደ ግቢው መጥቶ «ሲቪል መምህርም አላችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ እሱ ነበር። በፖሊስ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለ ደንብ ልብስ የሚያስተምር እሱ ብቻ ስለሆነ ተማሪዎቹ «ጋሽ ናሙና» አሉት፤ ስሙም እንደ ማስቲካ ተጣብቆበት ቀረ። የሚያስተምረው የምርምር ዘዴ ነው። የሚያስተምራቸው ደግሞ መላምትን እጅ ከፍንጅ ካልያዙት እንቅልፍ የማይወስዳቸውን ሰዎች ነው።

መጀመሪያ ሰሞን መጠይቅ በትነው እንዲመጡ ሲልካቸው፣ አንዱ የበተነውን በሙሉ አንድም ሳይጎድል ሰብስቦ መጣ። «እንዴት ቻልክ?» ቢለው፣ «በሩ ላይ ቆሜ ነዋ፣ መምህር! ሳይሞላ የወጣ የለም» አለው። ሌላው ደግሞ የመላሾች ስም አይጻፍ ሲባል፣ ስማቸውን ትቶ አሻራቸውን አስነስቶ መጣ። ጋሽ ናሙና ከዚያ ወዲህ ነው እንግዲህ፣ የራስ ፀጉሩን እስኪጨርስ፣ «ተሳታፊ ተጠርጣሪ አይደለም! ደስ ካላለው ምክንያት ሳይሰጥ ጥሎ መውጣት ይችላል» እያለ ሲያስተምር የኖረው።

ተሳታፊው ይወጣል፤ እሱ ግን መውጫ አጣ። ሚስቱ በሌላ ከተማ የሆስፒታል ፋርማሲ ኃላፊ ሆና፣ ልጃቸውን ይዛ ሄዳለች። እዚያው ያለ ኮሌጅ ሊቀጥረው ተስማምቷል፤ ግን እስከ አርብ መልቀቂያ ይዞ ካልቀረበ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልጁ በስልክ «አባዬ፣ አልጋው ላይ በአንተ በኩል የምተኛው እኔ ነኝ፤ ስትመጣ እለቅልሃለሁ» ካለችው ወዲህ፣ የመልቀቂያው ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሯል።

ዲኑ ኮማንደር ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑማ ምን ነበረበት፤ ክፉ ሰው ተጣልተውም ቢሆን ይገላገሉታል። ችግሩ፣ ይወዱታል። የመልቀቂያ ማመልከቻ ይዞ በገባ ቁጥር ትከሻውን አቅፈው ሻይ ያዙለታል፤ ሻይ ከታዘዘ መልቀቂያው ቀረ ማለት ነው። የዘንድሮው ግን ከሻይም ባሰ።

«ወንድሜ» አሉት፣ «ያለ ማስረጃ ውሳኔ የለም ብለህ ያስተማርከን አንተ አይደለህም? እኔም እኮ ተማሪህ ነበርኩ። ስለዚህ እናስጠናዋለን። ብትለቅ ጉዳት አለው ወይስ የለውም? ጥናቱ ያለውን እፈርማለሁ።»

«ማን ነው የሚያጠናው?»

«ተማሪዎችህ ናቸዋ!»

«የሚያርመውስ?»

«ከአንተ ሌላ ማን አለን?»

የቡድኑ መሪ ከትራፊክ የመጣ ሳጅን ሆነ፤ የቆመችን መኪና እንኳ «ከፍጥነት በላይ» ብሎ የሚቀጣ ብርቱ ሰው ነው። ቡድኑ ከክፍሉ ኋላ ተደርድሮ ትምህርቱን መታዘብ ጀመረ። ጋሽ ናሙና ያኔ አንድ ብልሃት መጣለት፤ መጥፎ መምህር መሆን። ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ «ናሙና ባነሰ ቁጥር ውጤቱ ይበልጥ ይታመናል» ብሎ አረፈው።

አንዲት መርማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ይሄማ ስህተት ነው። ራስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«ተሳስቼ ነዋ!»

«ኧረ እርስዎ የት ይሳሳታሉ! እየፈተኑን ነው እንጂ!»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሳጅኑ ከኋላ ሆኖ «በስህተት ሳይቀር ያስተምራል» ብሎ ሲጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ እስከ ሰሌዳው ተሰማ። በማግስቱ ሆን ብሎ አርፍዶ ገባ፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲከራከሩ ጠበቁት። ይሄም «ራስን ችሎ መማርን ያበረታታል» ተብሎ ተመዘገበለት። ወንበር ላይ ተኝቶ ቢያንኮራፋ ምን ብለው እንደሚጽፉለት ሲያስብ እሱ ራሱ ፈራ።

ሐሙስ ዕለት ጥናቱ ለእርማት ጠረጴዛው ላይ አረፈ። እንደዚያ ያለ የተማሪ ሥራ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። «መልቀቁ ለተቋሙ ከባድ ጉዳት ነው» ይላል ድምዳሜው። ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ፣ ቁንጫ እንደሚያድን ሰው ስህተት ፍለጋ ገጽ በገጽ አሰሰው። የለም። እንደ መምህር ደረቱ ተነፋ፤ እንደ ባል አንጀቱ ተቆረጠ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ግን አንድ ቀዳዳ ታየው። እሱ እዚሁ በመቅረቱ የሚጎዳውን ሰው የጠየቀ የለም! ፈልስፎ ያመጣው ሰበብ አይደለም፤ የምር ስህተት ነው።

አርብ ጠዋት ዲኑ ቢሮ ውስጥ ተናገረ። «ናሙናው ወደ አንድ ወገን ያደላ ነው። ባለቤቴን አልጠየቃችሁም።»

ሳጅኑ ግንባሩን መታ። «እውነትዎን ነው፣ መምህር! ይሄ እንዴት አመለጠን?» ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ደወለና፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ሃሎ» አለች ሚስት፤ ከኋላዋ ብልቃጥ ይንኳኳል።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ። ሳጅን ነኝ፣ ከፖሊስ...»

«ውይ በሞትኩት! ምን ሆነብኝ?»

«ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» ጮኸ ባል።

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠርጎ እንደተማረው ጀመረ። «ይህ ጥናት ነው። የሚሳተፉት በፈቃድዎ ነው። በፈለጉ ሰዓት፣ ምክንያት ሳይሰጡ፣ አቋርጠው መውጣት ይችላሉ።»

«ለእሱስ እንዲህ ብላችሁታል?» አለች ሚስት።

ሳጅኑ ዲኑን አየ። ዲኑ ጣሪያውን አዩ። ጋሽ ናሙና የሆነ በር ገርበብ ሲል ያየ መሰለው።

«እህቴ» አሉ ዲኑ፣ ድምፃቸውን ቅቤ አስመስለው፣ «ከጥናቱ መውጣት ይችላል። ከግቢው ነው እንጂ ያልተቻለው።»

«እንዲያ ከሆነ እኔም አልመልስም። አንተ ሰውዬ፣ ልጅህ ዛሬም በአንተ በኩል ነው የተኛችው፤ ለእሷም መጠይቅ ላክላት!» ስልኩ ተዘጋ።

ሳጅኑ እስክሪብቶውን እንዳነሳ ቀረ። «ምን ብዬ ልመዝግባት? ‹መልስ ያልሰጠች› ልበል?»

ጋሽ ናሙና አፉን ሊዘጋ ታገለ፤ እግዜር ያውቃል፣ ታግሏል።

«አይባልም!» አለ በመጨረሻ። «አልመልስም ማለቷ ራሱ መልስ ነው። ለምን እንዳለች ትጽፍና ለብቻው ትተነትነዋለህ። ዝም ያለን ሰው ሁሉ ባዶ ቦታ አድርጎ የሚቆጥር ተመራማሪ...» እያለ፣ ሳያውቀው ከዲኑ ጠረጴዛ ላይ እርሳስ አንስቶ ሠንጠረዥ መሥራት ጀምሯል።

የዲኑ ዓይን እንባ አቀረረ። ወደ ሳጅኑ ዞረው፣ «አየህልኝ?» አሉ። «ይሄን ሰው ልቀቅ ይሉኛል እኮ!»

ከዚያም በሩን ከፍተው ሻይ አዘዙ።