የማዕዘን ሰው

አሁን በባጃጅ ወደ ቱላ ስሄድ የሠራሁበትን ሰፈር ለመለየት እቸገራለሁ። ሰው ሁሉ ልስኑንና ቀለሙን ያያል፤ እኔ ከሥር ያለውን ብሎኬት ነው የምፈልገው። ያ ዘመን ወገቤን ቆርጦት ነበር፤ ቢሆንም ይናፍቀኛል።

ግንበኛ ነበርኩ፣ ያውም የማዕዘን ግንበኛ። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፍ ሆነው የግድግዳውን ማዕዘን ያነሳሉ፤ በመካከላቸው ሲባጎ ይወጠራል፤ የቀሩት ሲባጎውን እየተከተሉ መሃሉን ይሞላሉ። ማዕዘን የሚሰጠው ዓይኑ ለታመነ ሰው ነው። በሌላው ጫፍ ይሠሩ የነበሩት በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የሲዳማ ሰው ነበሩ። ምሳ ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሲጸልዩ ቶሎ አይጨርሱም፤ እኛ ረሃብተኞቹ አንድ ዓይናችንን ገልጠን «አሜን» የምትለዋን እንጠብቃለን።

በዚያ ዓመት አላረፍኩም። አንዱ ቤት ሳያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ እሁድንም ጨመርኩበት። የደከመው ክንዴ ብቻ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን የግድግዳውን ቀጥታ ለመለካት በየሦስት ረድፉ እጥለው የነበረውን ቱምቢ ለእያንዳንዱ ብሎኬት መጣል ጀመርኩ። ክሩ ቀጥ ብሎ ሲወርድ እንኳ አላምነውም፤ ሌሊትም እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ፎርማኑ ለምን እንደዘገየሁ ሲጠይቀኝ ሲሚንቶ በሚያቦኩት ሴቶች ላይ አሳበብኩ፤ በዚህ ዛሬም አፍራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መንገዱን ተሻግሬ ማዕዘኔን ከሩቅ አየሁት። ወደ ግራ አዘንብሏል። ቱምቢው ደህና ነው ቢለኝም ተመልሼ አምስት ረድፍ በመዶሻ አፈረስኩ። አቧራው ሲረጋ የሌላው ጫፍ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመዋል። ክንዴን ይዘው መንገዱን አሻገሩኝና ከግድግዳው ጎን ያለውን የመብራት ምሰሶ አሳዩኝ። ያዘነበለው ምሰሶው ነበር።

«ግድግዳው ደህና ነበር» አሉኝ። «የደከምከው አንተ ነህ።»

ለፎርማኑ ነግረው መሃል አስገቡኝ። ይህ ለማዕዘን ሰው ውርደት ነው። ተናድጄ ጥዬ ልሄድ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። እሳቸው እሁድ እንዳልመጣ ብቻ ነግረውኝ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የትስ እሄዳለሁ? ከዚህ እጅ ሌላ ምን ነበረኝ? ቀረሁ። ሌላ ሰው በወጠረው ሲባጎ ላይ ብሎኬት ማስቀመጥ ግን እንዴት ያሳርፋል! እንቅልፌ ተመለሰ። ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እነሱም እስኪበቃቸው ቀለዱብኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው ጠሩኝ። ዓይናቸው እንዳስቸገራቸው ነገሩኝና ማዕዘናቸውን እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። ቱምቢውን ላነሳ እጄን ስሰድ ቀድመው ኪሳቸው ከተቱት።

«በዓይንህ ንገረኝ።»

አንዴ ጎንበስ፣ አንዴ ቀና ብዬ አየሁ።

«የላይኛው ወደ መንገዱ ወጣ ብሏል፣ ጋሼ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ሲሚንቶው ገና ያልደረቀውን ብሎኬት በሁለት እጃቸው አነሱት፤ ሥሩን ጠረጉ፤ እኔ ባልኩት ልክ ወደ ውስጥ አስገብተው አስቀመጡት። ቱምቢው ሥራ እስክንፈታ ድረስ ከኪሳቸው አልወጣም። ያ ብሎኬት እውነት ወጣ ብሎ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። በማግስቱ ግን ፎርማኑ ዘንድ ሄጄ ማዕዘኔን እንዲመልስልኝ ራሴ ጠየቅኩት።