የእትዬ ዘምዘም እምቡጦች

ልጅ ሳለሁ ነገሬ ሁሉ የተበላሸው በአንድ ቅዳሜ ነው፤ የእትዬ ዘምዘም አበባ እምቡጦች በረገፉበት ቅዳሜ።

ያኔ ከእናቴ ጋር ዲላ፣ እሳቸው ግቢ ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል እንኖር ነበር። እትዬ ዘምዘም ባለሱቅ ናቸው። ከወሎ ሲመጡ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡትን የአበባ ቁራጭ በወተት ዱቄት ጣሳ ተክለው፣ የረፋድ ፀሐይ ብቻ በምትነካው የሳሎናቸው ጥግ አስቀምጠውት ነበር። ግንዱም ቅጠሉም አንድ ነው፤ እንደ ሰንሰለት እየተቀጣጠለ ቁልቁል ይወርዳል። መብራት የጠፋ እንደሆነ ይጠሩኛል፤ እኔ ኩራዙን ከፍ አድርጌ እይዛለሁ፣ እሳቸው በእርጥብ ጥጥ አቧራውን እየጠረጉ ተረት ይነግሩኛል፣ ከምድጃው የፍሙ ሙቀት እግሬን ያሞቀዋል። አቧራው እስኪያልቅ ተረቱ አያልቅም። አቧራው እንዲበዛልኝ ብዬ ቀን ላይ በራቸውን ወደ መንገዱ ገርበብ አድርጌ እተወው ነበር፤ ይህን አጥፍቻለሁ፣ አልክድም።

«ጅብ ነጠላ ተከናንቦ ጪጩ ገበያ ወጣ፣ አህያ ሊገዛ።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ተከናንቧል አልኩህ እኮ! ይልቅ ኩራዙን ራቅ አድርገው፣ ጢሱ ዓይኔን ፈጀኝ።»

በዚያ ዓመት አበባው ዲላን ከለመደ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቡጥ ያዘ። ልጃቸውን ለመጠየቅ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ሳምንት ስለነበረ እንግዶቹ እንዲያዩት ከጥጉ አንስተው መሐል ጠረጴዛ ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ አኖሩት። ቅዳሜ ስገባ እምቡጡን ምንጣፉ ላይ ረግፎ አገኘሁት። አንዱን አንስቼ ላሳያቸው ስዞር በሩ ላይ ቆመዋል።

«እጅህን ክፈት!»

«ወድቆ ነው እትዬ፣ ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

«እምቡጥ ደግሞ በገዛ እጁ ይወድቃል? አንተ እጀ ረጅም!»

እናቴ ወደ ክፍላችን አስገብታ በሩን ዘጋች። እኔን አላመነችኝም አልልም፤ አምናኛለች። «አጥፍቻለሁ በላቸው» አለችኝ፣ ፊቴን በነጠላዋ እየጠረገች። «በቤታቸው ነው ያለነው፣ ልጄ።» ሄጄ አጥፍቻለሁ አልኩ።

ከዚያ በኋላ መብራት ሲጠፋ የሚጠራኝ አልነበረም። ለልጆቻቸው ሲተርቱ ድምፃቸው በሚያዋስነን የጭቃ ግድግዳ አልፎ ይመጣል፤ ሲስቁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ብዙ ማታ አሳልፌያለሁ። ጅቡ አህያውን ገዝቶ ይሁን ሳይገዛ ቀርቶ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የዕፅዋት ሳይንስ ሳጠና አስተማሪያችን እንደ ቀላል ነገር አንድ ቃል ተናገረ፤ እንዲህ ያለው ተክል እምቡጥ ይዞ ከቦታው ካነሱት ወይም ሙቀት ካጠጉት ይጥላል። የዚያን ቀን ሌላ ምንም አልጻፍኩም። አሁን ወናጎ በምኖርባት ቤት የራሴን አሳድጋለሁ፤ ውኃ የማጠጣው አፈሩን በጣቴ ነክቼ ሲደርቅ ብቻ ነው። አምና እምቡጥ ሲይዝ ሆን ብዬ ከምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ረገፈ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ይህንኑ ልነግራቸው ባለፈው ወር ዲላ ሄድኩ። እትዬ ዘምዘም አርጅተዋል፤ «የኔ ልጅ መጣ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አፌን ልከፍት ስል የልጅ ልጃቸው ጣሳውን ለመወልወል አነሳችው።

«አንቺ! አስቀምጪው፣ እምቡጥ ይዟል!» ብለው ጮኹ። «ካነሱት ይጥላል። ድሮ ለሽማግሌ ብዬ ሳነሳው ጥሎብኝ ተቃጥያለሁ እኮ!»

ወደ እኔ ዞረውም ሳቁ። በዚያ እምቡጥ እጀ ረጅም ያሉት ልጅ እኔ መሆኔን ረስተውት ነበር። ያኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ያ ሳቅ እንዴት ይናፍቀኝ እንደነበር ሳስበው አፍሬ፣ ያመጣሁትን ቃል ውጬ ወጣሁ።

አሁን ግን እጽፋለሁ። እትዬ ዘምዘም፣ አለማወቅዎን ይቅር ብያለሁ። ካወቁ በኋላስ? በራችን ከበርዎ አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ለምን አልጠሩኝም? ይመልሱልኝ።