ከአረንጓዴው ድሪል ሌላ
ቡራዩ ውስጥ በር ሲገጥሙ የኖሩት አጎቴ ከአረንጓዴው የባትሪ ድሪል ሌላ ዓይናቸውን የሚሞላ አልነበረም። ቢጫውን ይዞ የመጣ ሠራተኛ ካጋጠማቸው፣ ተቀብለው ጆሯቸው ሥር ያስጮኹትና፣ “አንተ ልጅ፣ ተወው! ይሄ ፀጉር ማድረቂያ ነው” ይሉታል። “ጋሼ፣ ሁሉም ያው አይደል?” ያለማ ጉዱ ፈላ። “ሁሉም ያው ነው የሚል ሰው የገጠመው በር አይዘጋም!”

ካረፉ ወዲህ አረንጓዴውን ቻርጅ ያደረገው የለም። ትናንት ፎቷቸውን ለመስቀል ያ ሥራ ፈት አማቻችን ከጎረቤት ቢጫ ድሪል ተውሶ መጣ። “የእሳቸውን ቻርጅ እናድርገው” ስለው፣ “ሁሉም ያው ነው” አለኝ፣ ጅሉ። ብሎኑ እስከ ግማሽ ድረስ ገብቶ ቀጥ አለ። አጎቴ ግድግዳው ላይ ተንጋደው ቀሩ።

ሁላችንም ወደ ወንበራቸው ዞረን ስድቡን ጠበቅን።