አልፊየስ ክራም ታማኝ የሆነበት ቀን

የሚስቴ ወንድም አልፊየስ ክራም በሞተ ጊዜ ጋዜጣው «በአቋሙ የጸና የሕዝብ ሰው» ብሎ ጻፈለት። ሳነበው ደሜ ፈላ። አቋሙን ከእኔ ይበልጥ የሚያውቅ ስለሌለ ልናገር።

አልፊየስ በርሜል ሠሪ ነበር። የወንዙን ዳር የሣር መስክ ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን አጭደናል፤ ላሞቻችን የበረዶውን ወራት የሚያልፉት በዚያ ድርቆሽ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን ከታች ያለው የጨርቅ ፋብሪካ ግድቡን በአንድ ክንድ ከፍ አደረገው። ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ መስካችን ላይ ተኛ። አቤት ብንል ሕጉ ከፋብሪካው ጋር ሆነ። ስለዚህ ሕጉን የሚያስለውጥልን ሰው ኮንኮርድ ወዳለው የግዛታችን ምክር ቤት መላክ ነበረብን። አልፊየስ አንደበቱ ይጣፍጥ ነበርና እሱን ላክን።

መጀመሪያ ዊግ በሚባለው ፓርቲ ገባ። ግድቡ ይውረድ ቢላቸው ሳቁበት፤ ለካስ የፋብሪካው ባለቤቶች ራሳቸው ዊጎች ናቸው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በሌላው ምርጫ ዴሞክራት ሆኖ መጣ። ከዚያ «ነፃ መሬት» የሚባለው ፓርቲ፣ ከዚያ ራሱን «ምንም አላውቅም» የሚለው፣ በመጨረሻ ሪፐብሊካን።

የመጠጥ ቤቱ ባለቤት ሉተር ፎግ በከተማው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «አንተ እስስት፣ ዘንድሮስ የማን ነህ?» አለው።

«ፓርቲ ጋሪ ነው፣ ሉተር። ወደ ግድቡ የሚሄደው ላይ እሳፈራለሁ። መንገድ ከሳተ እወርዳለሁ።»

አጨበጨብንለት። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ።

በእኛ አገር የምርጫውን ወረቀት የዕጩዎቻቸውን ስም አትመው የሚያድሉት ፓርቲዎቹ ናቸው። የተዋቸው ይጠሉታል፣ የገባባቸው አያምኑትም፤ ስለዚህ ስሙን የሚያትምለት አልነበረም። በየመጋቢቱ ሚስቴ ሜሂታብል የዱቄት ሙጫ ታፈላለች፤ እኔ ስሙን በቁራጭ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ እሷ በታተመው የሌላ ዕጩ ስም ላይ ትለጥፈዋለች፤ ለመራጮቹ እናድለዋለን። ሴት ናትና ድምፅ መስጠት አይፈቀድላትም። ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእሷ በላይ የመረጠው ሰው የለም።

በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት ሕጉ አለፈ። ግድቡ እንዲወርድ ታዘዘ፤ ሜሂታብል በደስታ አለቀሰች። ከግድቡ አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይነሣ ግን ፋብሪካው የሪፐብሊካኖቹን መሪዎች አግባባ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተሻረ። ከሻሩት አንዱ አልፊየስ ነበር።

ቤታችን መጣ፤ አላፈረም። ሜሂታብል ቁጭ በል እንኳ አላለችውም።

«ምን ነካህ?» አለችው።

«ፓርቲው በአንድነት እንድንቆም ወሰነ፣ እህቴ። ዕድሜ ልኬን እስስት ስባል ልኑር?»

«አራት ጊዜ ስትከዳ አንድ ቀን ሆድህን አልቆረጠህም!» አልኩት። «መክዳትህ የሚያስፈልገን ቀን ታማኝ ሆንክ?»

«ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆም አለበት፣ ዜናስ።»

«መስኩ ላይ ቁማ!» ጮኸችበት። «ውሃው እስከ ጉልበትህ ነው!»

ቆቡን አንሥቶ ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ገርፌው ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንጀቴ እንዲህ ባላረረ።

በሚቀጥለው መጋቢት ስሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በፓርቲው ወረቀት ላይ ታትሞ ወጣ። የፋብሪካው ሠራተኞች አለቆቻቸው ቆመው እያዩአቸው ሳጥን ውስጥ ከተቱለት፤ አሸነፈ። እኛ ላሞቻችንን ሸጥን። እሱን ፓርቲው በውሃ የተጎዳ መሬት የሚለካ ሹም አደረገው።

በሰኔ መጣ፤ በጀልባ። አዲስ ኮት ለብሷል፤ ከኋላው አንድ ጸሐፊ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። እኔ ዳር ቆሜአለሁ። ከፊቴ ያለው ሁሉ ውሃ ነው፤ አጥራችን በስብሶ ወድቆ ምልክቱ እንኳ አይታይም።

«አቶ ዜናስ፣» አለኝ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እንደማያውቀኝ ሁሉ፣ «ድንበርዎ የት ጋ ነበር?»

«ወርደህ ፈልገው!» አልኩት።