ዉዱ አይሆንም የተባለው ውሃ

ኢቲሳምን አንድ ቀን የሚያስወጣት ይህን ነው፦ ትንሿን ልጇን አዝላ ሁለት ጊዜ አቀበት፣ በማንኪያ የተሰፈረ የክሎሪን ዱቄት፣ የዓይን መቆጥቆጥ፣ ከዚያ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ስድብ። ስድቡ ሲቀንስ ደስ አይላትም፤ ትሰጋለች። ተሳዳቢዎቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ አርዲቦ ሐይቅ ወርደዋል ማለት ነዋ።

መንደሩ ከሐይቁ በላይ ነው። የምንጩ ውሃ ኮረብታው ላይ ባለው ትልቅ የውሃ ጋን ይጠራቀምና በቧንቧ ወደ ቦኖው ይወርዳል። ኢቲሳም ከጅዳ በተመለሰች በዓመቱ የውሃ ኮሚቴው የጋኑን ቁልፍ ሰጣት፤ አቀበቱን በየቀኑ የሚወጣ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ምንጩን ያደፈርሰዋል። ያልታከመውን የጠጣ ልጅ ተቅማጥ ይይዘዋል። የራሷም ልጅ ሐምሌ ላይ ሦስት ቀን ጤና ጣቢያ ተኝታ ወጥታለች።

ጎረቤቷ ሙሚና ግን ይህ አይገባትም። ቦኖው ጋ ባገኘቻት ቁጥር፣

«በረኪና አጠጣችን እኮ! ዐረብ አገር ሽንት ቤት ስታጥብ የለመደችውን!» ትላለች።

«ሽንት ቤቱ እንኳ ካንቺ ጀሪካን ይበልጥ ንጹሕ ነበር» ትላታለች ኢቲሳም።

ምላስ ምላስን ቢችልም ሰው ይሰለቻል። ኢቲሳም ዘዴ ፈጠረች፦ የንጋቱ ሶላት ሱብሂ ሳይደርስ፣ ማንም ሳያያት፣ ዱቄቱን በባልዲ በጥብጣ ጋኑ ውስጥ ጨምራ ቤቷ መግባት። ተገላገልኩ አለች።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የመስጊዱ ሽማግሌ ሐጂ ሱሩር ለሶላት ሊታጠቡ ከቦኖው በማንቆርቆሪያ ቀዱ፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ውሃ ልትቀዳ በመጣችው ኢቲሳም እግር ሥር ደፉት።

«ሽታው የተለወጠ ውሃ ዉዱ አይሆንም! ሶላታችንን እያበላሸሽ ነው፣ አንቺ ልጅ።»

«ሐጂ፣ አይቆጡ፤ ለጤና ብዬ ነው።»

«አላህ የሰጠንን ውሃ አንቺ ታክሚዋለሽ? ነገ ከጁምዓ በኋላ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ። አለቀ!»

ቁልፉ ከሄደ ውሃውን የሚያክም የለም። ልጇም፣ የሙሚና ልጆችም ያንኑ ድፍርስ ሊጠጡ ነው።

ጋኑ ላይ ወጥታ አለቀሰች ብል ውሸት ነው፤ ተሳደበች። ስድቡ ሲያልቅባት ቁልፉን ስትረከብ በወሰደችው ስልጠና ላይ የተባለችው ትዝ አላት፦ ዱቄቱ ከገባ በኋላ ውሃው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። እሷ የጨመረችው ግን ጋኑ ውስጥ ሳይዋሃድ፣ ሥራውንም ሳይሠራ ይቀዳ ነበር። ከሰው ሽሽት የመረጠችው ሰዓት ለካ ሰው ሁሉ ለዉዱ የሚወርድበት ኖሯል!

ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያልቅ መስጊዱ በር ላይ ቆመች።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰዓቱን ስቻለሁ። ይምጡና ስጨምር ይዩኝ።»

እያጉረመረሙ ወጡ። ሙሚናም ለማላገጥ ተከተለች። ኢቲሳም ማንኪያውን ጮክ ብላ እየቆጠረች በጠበጠች፣ ጨመረች፣ ቦኖውን ፀሐይ ስትጠልቅ እስከሚሰገደው መግሪብ ዘጋችው።

በማግስቱ በሱብሂ ሐጂ አሸተቱ፣ ቀመሱ፣ ፊታቸው ተቀያየረ።

«ሽታው የለም! ትናንት የጨመርሽው ወዴት ሄደ? ማታ ደፋሽው? እፊቴ ቆመሽ አታለልሽኝ?»

ኢቲሳም በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድታ ክሎሪን ካለ ውሃውን ሮዝ የሚያደርገውን የመመርመሪያ እንክብል ጣለችበት። ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ።

«ይኸው ውስጡ አለ፣ ሐጂ። ተዋህዶ ነው።»

ሐጂ ብልቃጡን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እጅጌያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ዉዱ ማድረግ ጀመሩ።

«ቁልፉ ይቆይሽ» አሉ ሲጨርሱ። «የሸተተኝ ቀን ግን ቁልፉንም አንቺንም አባርራለሁ።»

«ሐጂንም አፈዘዘቻቸው! ድግምት ነው ወላሂ!» አለች ሙሚና፣ ጀሪካኗን ከቦኖው ሥር እየደቀነች።

ኢቲሳም ይህን ለሚያነብ ሁሉ አንድ ልመና አላት። የቦኖአችሁ ውሃ ከሸተታችሁ፣ ዝም ብላችሁ ወደ ሐይቅና ወደ ወንዝ አትውረዱ። ውሃውን የሚያክመው ሰው ዘንድ ሂዱና በስንት ሰዓት እንደቀዳችሁ ንገሩት፤ ዱቄቱ ሳይዋሃድ ቀድታችሁ ይሆናል። ተቆጥታችሁም ቢሆን ንገሩት።