አባባ ድመቷን ሲያስመዝኑ

ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ መያዣው ጋ መንገደኛ የሚመዝን ሰው አለ። አያቴን አባባን የሚያውቃቸው ድመት ታቅፈው ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ነው። መጀመሪያ ከድመቷ ጋር ይመዘናሉ፤ ከዚያ እሷን ለእኔ ያቀብሉኝና ብቻቸውን ይወጣሉ። ልዩነቱን ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም እንሄዳለን፤ የትል መድኃኒት የሚሰጣት በክብደቷ ልክ ነዋ። «ሐኪሙ እኮ ሚዛን አለው» ስላቸው፣ «ማስተያየቱ አይከፋም» ይሉኛል።

አንዴ ጎረቤታችን፣ «ምን አደከመዎት? የልጆቹን የትል ኪኒን ግማሹን ቢሰጧት አይበቃም?» አለቻቸው።

«ድመት ትንሽ ሰው አይደለችም» አሉ አባባ፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። «የሰው መድኃኒት ሊገድላት ይችላል። የሚስማማትን ሐኪሙ ይወቅ፤ እኔ ኪሎዋን ልንገረው።»

አርባቸው እንደወጣ የመድኃኒቷ ጊዜ ደረሰና ድመቷን ይዣት ሄድኩ። መዛኙ ከኋላዬ ሰው ፈለገ።

«አባባስ?»

ነገርኩት። «ነፍስ ይማር» አለና ድመቷን አየት አደረጋት። «ታዲያ እሷ አሁን ከማን ጋር ትመዘናለች?»

«ከእኔ ጋር» ብዬ ታቅፌያት ወጣሁ። ብቻዬን የምመዘንበት ተራ ሲደርስ ግን ድመቷን የማቀብለው ሰው አጣሁ።

መዛኙ ከበርጩማው ተነሳና ሁለት እጁን ዘረጋልኝ።